ከእንጦጦ የወረደው ሸክም

አዲስ አበባ ከቦታዋ ሳትነሳ እንዴት ቀረች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ባህር ዛፍ አዳናት ይባላል። እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ እውነት ነውም። ነገር ግን ዛፍ በራሱ እግር ከተራራ ወርዶ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ያወረደው ሰው አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ደግሞ ካወረዱት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ በጀርባቸው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እናቴ ነበረች። ስለዚህ ስለ ከተማችን አመሠራረት ስጽፍ ከንጉሡና ከዛፉ ቀጥሎ ስለዚያ ጀርባ መጻፍ አለብኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ቦታው ከባህር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ለጠላት የማይመች፣ ዙሪያውን አሻግሮ የሚያሳይ ነው። ብርዱና ነፋሱ ግን አጥንት ይሰብራል። በዚያ ብርድ የንጉሥ ግቢ፣ የመኳንንት ግቢ፣ ወታደር፣ አሽከር፣ ገረድ፣ ካህን፣ የፈረስና የበቅሎ ጠባቂ አንድ ላይ ሲሰፍር የእሳቱ ብዛት አይጣል ነው። እንጀራው ይጋገራል፣ ወጡ ይወጠወጣል፣ ጠላና ጠጁ ይጠመቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። ቤቱና አጥሩም የሚሠራው ከእንጨት ነው። የተራራው ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሩ ወደ ሙቀት ወረደ እንጂ የማገዶ ፍላጎቱ አልቀነሰም፤ ይልቅስ ከዓድዋ ድል በኋላ ከተማዋ እያበጠች ሄደች።

በአገራችን ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ቀላል ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳል። ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ይዞሩ የነበረው ለጦርነትና ለግብር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ማገዶ ነው። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥቱ ተሠራ፤ ግን መናገሻ ሳይሆን ቀረና የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለመቅረቱ ብዙ ምክንያት ነበረ፤ የውጭ መንግሥታት ተወካዮች ቤታቸውን አዲስ አበባ ላይ ሠርተው ነበር፣ መኳንንቱም እንዲሁ። ትልቁ ምክንያት ግን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባህር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ችግኙን ያስመጣው የንጉሡ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ ይነገራል። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። ምኒልክ ሕዝቡ እንዲተክለው አበረታቱ፤ መኳንንቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤት ያለው ሁሉ ተከለ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ አዲስ አበባ የባህር ዛፍ ከተማ ሆነች፤ እንጦጦም እንደገና ለበሰ።

እዚህ ድረስ ያለው በየመጽሐፉ አለ። ማን ተሸከመው የሚለው ግን ብዙ ቦታ የለም።

በምኒልክ ዘመን እንጨት መልቀምና ውሃ መቅዳት የዝቅተኛው ሰው ሥራ ነበረ። በግቢው ባሪያውና ገረዷ ይሠሩታል፤ በጦር ሰፈር ከሠራዊቱ ጋር የሚዘምቱት ሴቶች ይሠሩታል፤ በገጠር ገባሩ ለባለ ርስቱ ወይም ለባለ ጉልቱ ከሚያቀርበው ግዳጅ አንዱ እንጨት ነበረ። ሰው ይህን ሥራ ምን ያህል ዝቅ አድርጎ እንደሚያየው ለማወቅ መጽሐፈ ኢያሱን ማስታወስ ይበቃል። የገባዖን ሰዎች እስራኤልን አታለው ቃል ኪዳን ባስገቡ ጊዜ የተፈረደባቸው ሞት አይደለም፤ ለዘላለም እንጨት ቆራጭና ውሃ ቀጂ እንዲሆኑ ነው። ይህን ታሪክ ከደብሩ ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ሸክም ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። እንጨት መሸከም ከእርግማን ጋር የተቆራኘ ሥራ ሆኖ ኖረ።

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። ምድጃው ግን አልጠፋም፤ ከተማዋም ያለ ማገዶ አንድ ቀን አታድርም። የባሪያውንና የገረዷን ቦታ የያዘችው ከገጠር የመጣች ድሃ ሴት ናት። አህያ ያለው ሰው ግንዱንና ፍልጡን በአህያ እየጫነ ይሸጣል፤ ይህ የወንዶች ንግድ ነበረ፣ መነሻ ገንዘብም ይጠይቃል። አህያ መግዛት ለማትችል ሴት የቀረላት ባለ አህያው የሚንቀው ነው፤ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ቅርፊት፣ የደረቀ ቅርንጫፍ። ለዚህ ንግድ የሚያስፈልገው መነሻ ጠፍርና ጀርባ ብቻ ነው።

ወላጆቼ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። አባቴ ሸማኔ ነበረ። ሸማ ወቅት አለው፤ ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሰው ነጠላና ቀሚስ ይገዛል፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን መወርወሪያው ይቆማል፣ ክረምቱም ረጅም ነው። በሰፈራችን ያሉ ብዙ የሸማኔ ሚስቶች እንጨት ለቀማ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሽሮ ሜዳን ዛሬ የሚያውቃት ሰው የሚያውቃት በጥበብ ልብሷ ነው። ሸማኔው መወርወሪያ ባቆመበት ወራት ልጆቹን ያበላው ቅጠል ነበረ፤ እኛን አብልቶናል።

ሥራውን እናቴ ስትሠራው ባየሁት ልክ ላስረዳ። የሚነሱት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ብቻዋን የምትወጣ ሴት አልነበረችም፤ እንጦጦ ላይ ጅብ አለ፣ ከጅብ የከፋ ሰውም አለ። በየበሩ እየተጠራሩ፣ «ተነሺ እንጂ፣ ነጋብሽ!» እየተባባሉ ይሰበሰባሉ። ቆሎ በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ኮንጎ ጫማ ያላት ታደርጋለች፣ የሌላት በባዶ እግሯ ትወጣለች። ሽቅቡን ጨርሰው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ገና አልነጋም፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሱሉልታ በኩል ወርደው፣ ጥበቃ ወደማይበዛበት ይሄዳሉ። ለቀማው ራሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ማሰሩ ጥበብ ነው። ጠንካራው ጭራሮ ከሥር ይደረደራል፣ ቅጠሉ በላዩ ላይ ተረግጦ ይጠቀጠቃል፣ ሁለት ቦታ ይታሰራል። ሲያልቅ ከሴትዮዋ ቁመት የሚረዝም፣ በጀርባ ላይ አግድም የሚተኛ ክምር ይሆናል። ተሸካሚዋ ጀርባዋን ለክምሩ ሰጥታ መሬት ትቀመጣለች፤ ወገቧ ላይ አሮጌ ጨርቅ ታደርጋለች፤ ጠፍሩን በትከሻዋና በደረቷ ታሳልፋለች፤ ከዚያ ወደፊት በጉልበቷ ትንበረከክና ጓደኛዋ ከኋላ ስትገፋላት ትነሳለች። ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ ከቡድኑ መካከል የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ችግር አለባት፤ የሚያነሳት የለም። እርሷ ክምሯን ቀድማ አፋፍ ላይ ታስቀምጥና ከታች ሆና በቁሟ ትገባበታለች። ይህ የጠንካራዋ ሴት ተራ ነው። እናቴ ብዙ ዓመት የመጨረሻዋ ነበረች፤ በዕድሜዋ ማምሻ ስለ ሥራዋ በኩራት ስትናገር የሰማኋት ይህንን ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ክምሩ ወደፊት ይገፋል፣ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል፤ ርጥብ ቅጠልም ክብደቱ ሌላ ነው። ኋላ ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች ሸክሙን ሚዛን ላይ ሲያወጡት ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝነው ብዙ ነበረ፤ ከተሸካሚዋ ከራሷ ክብደት የሚስተካከልም ተገኝቷል። የታጠፈች ሴት ቀና ማለት ስለማትችል የምታየው መሬቱን ብቻ ነው። እናቴ በመንገድ ላይ ጎረቤቶቿን የምትለየው በጫማቸው ነበረ። «እትዬ ደህና ዋሉ» ስትል ሰላም ያለቻትን ሴት ፊት አታይም። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ክምሩ መንገዱን ስለሚይዝ መኪናው ጥሩንባ ይነፋባቸዋል፤ ዘወር ማለት ግን ቀላል አይደለም፣ አንድ ጊዜ ሚዛን ከተሳተ ሴትዮዋም ክምሩም ቦይ ውስጥ ናቸው።

ገበያው ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ ጉለሌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ቅጠሉን የሚፈልጉት እንጀራ ጋጋሪዎች ናቸው። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ነበልባሉ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን እኩል ያግለዋል። የጠላና የአረቄ ሴቶች ጭራሮውን ይወስዳሉ፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም ድስትና ጀበና ለመተኮስ ይገዛሉ። ልብ በሉ፤ የሸማኔ ሚስት የለቀመችውን ሸክላ ሠሪዋ ታነደዋለች፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና እንጨት ተሸካሚዋ አገሩ የሚለብሰውን፣ የሚያበስልበትን ዕቃና የሚያበስልበትን እሳት የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም የሚሰደቡ ነበሩ። ስለዚህ ነገር በተናገርሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ደንበኛዋ ደግሞ ክምሩ ገና ሳይወርድ ትከራከራለች፤ ተሸካሚዋ ካወረደች በኋላ እንደገና እንደማትሸከመው ስለምታውቅ ነው። እናቴ ሳታወርድ ዋጋ መስማማትን የተማረችው በዚህ ነው፤ ጎብጣ፣ መሬቱን እያየች፣ በሽልንግ ትከራከር ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በዚያው ዓመት የከተማው ትርፍ ቤትና ቦታም ተወረሰ። መሬት ላራሹ በሚለው ደስታ ውስጥ እንጨት ተሸካሚዎቹን ያሰበ አልነበረም። ከዚያ በፊት የእንጦጦ ባህር ዛፍ የመኳንንቱ፣ የደብሩና የግለሰቦች ነበረ፤ እናቴ እንደምትለው ከባለቤቱ ዘበኛ ጋር መላመድ ይቻል ነበር፤ ባለቤቶቹ የወደቀ ቅጠል የሚጠርግላቸው ሰው አይጠሉም ነበርና። ደኑ የመንግሥትና የገበሬ ማኅበር ሲሆን ቅጠል መልቀም ስርቆት ሆነ። በ1970ዎቹ ደግሞ በውጭ ብድርና እርዳታ በከተማዋ ዙሪያ ሰፋፊ የማገዶ ደኖች ተተከሉ፤ ጥበቃውም በዛ። ዓላማው የከተማዋን የማገዶ ችግር ማቃለል ነበረ፤ ያን ጊዜም ማገዶውን ወደ ከተማ ያመላልሱ የነበሩት ሴቶች ግን በገዛ ሥራቸው ወንጀለኞች ሆኑ።

ጥበቃ ሲይዛቸው ምን ይሆን ነበር? አንዳንዱ ገንዘብ ይቀበላል። አንዳንዱ ክምሩን ያስፈታና ይበትናል። የከፋው ጠፍር የሚቀማው ነው፤ እንጨቱ ነገ ይገኛል፣ ጠፍር ለመግዛት ግን የብዙ ቀን ሸክም ያስፈልጋል። ዱላም ነበረ። ከዱላውም የባሰ ነበረ። ሴቶቹ ስለ መደፈር የሚያወሩት ልጆች ያልሰሙ ሲመስላቸው፣ በግማሽ ቃል ነው፤ «እከሊት ወደቀች» ይላሉ፤ እኛ ልጆቹ ገደል የወደቀች ይመስለን ነበር። ለማን አቤት ትላለች? ክስ ብትመሠርት መጀመሪያ የምትጠየቀው ደን ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር ተብላ ነው።

ለደኑም ማዘን አለብኝ። ቅጠሉ በየቀኑ ከተጠረገ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ያጠቃው እኛኑ የእግሩ ሥር ሰዎች ነው። ጥበቃዎቹም ራሳቸው ደመወዛቸው የማያኖራቸው ድሆች ነበሩ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ምድጃ የሚያስከትለውን ጥፋት በተሸካሚዋ ጀርባ ላይ ብቻ መጫን ፍትህ አይደለም። ቅጠሉን የምትገዛው፣ በቅጠሉ የተጋገረውን እንጀራ የሚበላው ባለ ሥልጣን፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ አንዳቸውም ሌባ አልተባሉም።

ስለ እነዚህ ሴቶች በቁም ነገር የተጻፈው ዘግይቶ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፍቅርተ ኃይሌን ጥናት አሳተመ፤ በአዲስ አበባ ስላሉት ሴት እንጨት ተሸካሚዎችና በከተማዋ ዙሪያ ስላለው ደን የሚናገር ነው። ይህ ሥራ ለእኔ ትልቅ ውለታ ነው፤ እንደ ጥላ የሚታለፉትን ሴቶች ጠይቆ፣ ሸክማቸውን መዝኖ፣ የሚደርስባቸውን በወረቀት አስፍሯልና። ኋላም የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመና አባላቱ እንጦጦ መውጫው ላይ ሽመና ያዙ፤ ሻርፕና ነጠላ ለጎብኚ መሸጥ ጀመሩ። በእኔ የልጅነት ሰፈር መወርወሪያ የወንድ ነበረ። የሸማኔ ሚስት መወርወሪያ ጨብጣ ሳይ በጣም ደስ ብሎኛል።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃውም በዚያው ዘመን መጣ፤ ላቀች የተባለው ለከሰል፣ ምርጥ የተባለው ለእንጀራ። በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ስለሆነ ምርጥ ምድጃ ትልቅ ነገር ነበረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እየተስፋፋ ሲሄድ ደግሞ የቅጠል ገበያው ቀስ በቀስ ሳሳ፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቅጠል ፍለጋ ይወጣሉ። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ትልቅ መናፈሻ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በተከፈተው የእንጀራ ፋብሪካም ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ይኖሩ የነበሩ እናቶች ተቀጥረዋል። አምሳ ኪሎ ተሸክሞ ተራራ ከመውረድ በቤት ጥላ ሥር፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በወር ደመወዝ መጋገር የማይነጻጸር መሻሻል ነው። ሥራው ለሁሉም አልደረሰም። በየካና በጉለሌ መንገድ ማለዳ ለሚወጣ ሰው ጎብጠው የሚወርዱት ዛሬም አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ያረጁ አሉ።

እናቴ ሥራውን የተወችው ወገቧ እምቢ ሲላት ነው። ወጌሻ አሻት፣ ጸበል ሄደች፣ ሐኪም ቤት የተነሳችው ራጅ የአከርካሪዋ አጥንቶች መደፍጠጣቸውን አሳየ። ማህፀኗም ወርዶ ነበር፤ ይህንን ለእኔ የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድሁ በኋላ ነው። ከእርሷ ጋር ይወጡ ከነበሩት መካከል ተመሳሳይ ሕመም ያላቸው ብዙ ናቸው፤ እየተደባበቁ ለብቻቸው ይታመማሉ። እንደ ሴት ልጅ አፍሬ የምዘለው ነገር አይደለም፤ ይህ የሥራው ዋጋ ነው፣ ከሽልንጉ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ያለው ሙዚየም የምኒልክንና የጣይቱን ልብስና ዕቃ ያሳያል። ተማሪዎቼን ይዤ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ በክብር ሊቀመጥ የሚገባው በክብር ተቀምጧል። ከዚያው ግቢ በታች ባለው መንገድ ያለፉት ሴቶች ጠፍር ግን የትም የለም። እኔ የምፈልገው አንድ የታሰረ ክምር፣ ከነጠፍሩና ከነወገብ ጨርቁ፣ ክብደቱ ተጽፎበት፣ ጎብኚው ሊያነሳው እንዲሞክር እዚያ እንዲቀመጥ ነው። ሁለተኛው ምኞቴ አጣዳፊ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሸከሙት ሴቶች በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ ገና በሕይወት አሉ፤ የታሪክ ተማሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ከሩቅ መዝገብ ቤት በፊት እነርሱ ጋ ሄዶ ድምፃቸውን ይቅረጽ። በየትኛው መንገድ እንደወጡ፣ የት እንዳረፉ፣ ጥበቃውን በምን እንዳለፉት፣ ክምሩን ማን እንዳነሳላቸው ይጠይቅ። እኔ ከእናቴ ጓደኞች ጀምሬያለሁ፤ ካሉት ሁሉ ታናሿ ሰባ ዓመት አልፏታል።